ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። በስሊፕ አፕኒያ (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ በሚያስቸግር በሽታ) ምክንያት ማታ ማታ በማሽን እየተነፈሳችሁ የምትተኙ፣ ጠዋት ግን ምድር የምትዞርባችሁ ካላችሁ እናንተም አንብቡት።

ማንኮራፋቴ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነበር። ባለቤቴን ግን የሚያስፈራት ማንኮራፋቱ ሳይሆን ዝም ስል ነው። ትንፋሼ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው በርግጌ እነቃለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር እንጂ በሽታ ነው ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ነፍሱን ይማረው።

እኔ ተመረመርኩ። ትንፋሽ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ የሚቋረጥበት ወይም የሚያጥርበት ከባዱ ዓይነት ነው ተባልኩና ሲፓፕ የሚባለው፣ በማስክ በኩል አየር እየገፋ የመተንፈሻ ቱቦ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ማሽን ታዘዘልኝ። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ሰው አድርጎኛል። የቀን እንቅልፉ ጠፋ፣ የጠዋት ራስ ምታቱም ለቀቀኝ።

ከጊዜ በኋላ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ያዞረኝ ጀመር። ግድግዳ እየተደገፍኩ ነበር መታጠቢያ ቤት የምደርሰው።

ማሽኑን የሸጡልኝ ሰዎች «ይለመዳል» አሉኝ። ተመልሼ ስጨቀጭቃቸው የአየሩን ግፊት ቀነሱት። ማንኮራፋቱ ተመለሰ፣ ማዞሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቦታ ያየኝ ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የጆሮ ነው ብሎ መድኃኒት ጻፈልኝ። ሌላው ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ አታስብ» ብሎ ሸኘኝ። አታስብ ስለተባለ ማሰብ ያቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስማቸውን አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ግን አንጀቴ አርሯል።

በሰው ጥቆማ ነው እዚች ነርስ ዘንድ የደረስኩት። ማሽኑን ከነቦርሳው ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «እሱ ይቆየን። መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። ቀጥላም «የሚያዞርዎ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ነው ወይስ ሲቆሙ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። ስቆም ነው አልኳት። የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀችኝ። የደም ግፊት ኪኒን እንደምወስድ፣ የታዘዘልኝም ከማሽኑ በፊት እንደነበር ነገርኳት። «እሺ፣ ጋደም ይበሉልኝ» አለች።

ተኝቼ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ የደም ግፊቴን ለካች። ከዚያ አስነሳችኝና ቆሜ ለካች፣ እስከ 3 ደቂቃ ድረስም ደጋገመችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ እጇ እንዳልወድቅ ብብቴ ሥር ነበር። ያቺን እጅ እስክሞት አልረሳትም! የላይኛው ቁጥር ስቆም ከ20 በላይ ወርዶ ተገኘ።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ አፕኒያው ራሱ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ማሽኑ ትንፋሽን ሲያስተካክል የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ድሮ የታዘዘው ኪኒን ይበዛና ሰው ሲቆም ያዞረዋል። የሌሊቱን አተነፋፈስ ከሚመዘግበው የማሽኑ ካርድ ላይ ያሳየችኝን ግራፍ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ምንም አልገባኝም። ብቻ ማስኩን አጥልቄ አስተኛችኝና በጉንጬ ዙሪያ እጇን እያንቀሳቀሰች አየር የሚያፈስበትን ቦታ አገኘች። ማሰሪያውን አስተካክላ ያንንም ዘጋችው።

ደስ ያለኝ ደግሞ ልኳን ማወቋ ነው። «ኪኒኑን በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ እሱ የሐኪምዎ ሥራ ነው» ብላ ልኬቶቹን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ሐኪሜ ወረቀቱን አይቶ እንደገና ለካኝና መጠኑን ቀነሰልኝ። ማዞሩ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። አሁን ጠዋት ተነስቼ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ስሟን በጠራች ቁጥር ትመርቃታለች።

ሲስተር፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። እጅሽ ይባረክ!

ሳላስፈቅዳት ስሟን አደባባይ ላይ ማውጣት አልፈለግኩም። የቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ የምትሠራበትን ቦታ እነግረዋለሁ። ዛሬ ነገ አትበሉ፣ በእውነት ሂዱ። ስትሄዱ ማሽኑን ከነማስኩና ከነካርዱ ያዙ። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ መያዝም እንዳትረሱ፣ መጠየቋ አይቀርም።