ቴድ ከስምንት ወር በኋላ፦ ማዕዘኑ ከተዛባ ሽሪምፑም ያመልጣል

ለሽሪምፕ መረብ የሚገጠመው የኤሊ ማስወጫ ፍርግርግ፣ አስጋሪዎች ባጭሩ «ቴድ» የሚሉት፣ አንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት መረብ የሚጎትት ጀልባ አራት ያስፈልገዋል። ይህ ቀላሉ ወጪ ነው። ከባዱ በኋላ ይመጣል፦ ማዕዘኑ ሲዛባ፣ መጋረጃው ሲረግብ፣ ተንሳፋፊው ሲሰነጠቅ ከመረቡ ቀስ እያለ የሚፈስሰው ሽሪምፕ።

የተገመገመው ዕቃ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ከቴክሳስ ዳርቻ ባሻገር፣ ስምንት ወር የሠራ ነው። ፍርግርጉ ከአሉሚኒየም ቱቦ የተበየደ ሲሆን ቁመቱ 130፣ ወርዱ 107 ሴንቲሜትር ነው። በዘንጎቹ መሐል ያለው ክፍተት 10 ሴንቲሜትር ሲሆን የአሜሪካ ደንብ የሚፈቅደው ጣሪያ 4 ኢንች፣ ማለትም 10.2 ሴንቲሜትር ነው። መውጫው ከሥር ነው። በላዩ ሁለት የመረብ መጋረጃዎች ተደራርበው ይሸፍኑታል።

አሠራሩ ከወንፊት አይለይም። ውሃውና ሽሪምፑ በዘንጎቹ መሐል አልፈው ወደ ኋለኛው ከረጢት ይገባሉ። ማለፍ ያልቻለው ኤሊ በተዳፋቱ ብረት ላይ እየተንሸራተተ መውጫው ጋ ይደርስና መጋረጃውን ገፍቶ ይሄዳል። የባሕር ኤሊ እንደ እኛው አየር ስቦ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ሰዓታት በሚፈጅ ጉተታ መረብ ውስጥ ከቀረ ሰምጦ ይሞታል። ኬምፕስ ሪድሊ የተባለው የኤሊ ዝርያ እንዴት እንደተመናመነ ለማየት ሁለት ቁጥር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1947 በሜክሲኮ ራንቾ ኑዌቮ ዳርቻ በአንድ ቀን 40,000 ያህል እንስቶች እንቁላል ሊጥሉ እንደወጡ ይገመታል። በ1985 ደግሞ በዓመቱ የተቆጠረው ጎጆ 702 ነበር። ከእንቁላል ለቀማው ጋር ዋናው ጥፋተኛ የሽሪምፕ መረብ ነው። የሚገርመው ግን ፍርግርጉን ቀድሞ የሠራው የጆርጂያው አስጋሪ ሲንኪ ቡን ስለ ኤሊ ብሎ አልነበረም፤ ጄሊፊሽ መረቡን እየሞላ ስላስመረረው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማዕዘኑ። ዘንጎቹ ከውሃው ፍሰት ጋር የሚሠሩት ማዕዘን ከ30 እስከ 55 ዲግሪ መሆን አለበት። ከ55 ካለፈ ፍርግርጉ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ኤሊው መንሸራተቱ ቀርቶ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ የባሕር ስፖንጁና ሣሩም እዚያው ይከመራል። በጣም ከተዳፋ ደግሞ ውሃው ወደ መውጫው ይገፋና መጋረጃውን ያነሣዋል፣ ሽሪምፑም አብሮ ይወጣል። እዚህ ጀልባ ላይ በደንብ የሠራው ከ45 እስከ 50 ያለው ነው። ሻጩ የሰፋው እንዲሁ ልክ ነው ብሎ መቀበል አያዋጣም፤ ከአራቱ ሁለቱ ገና ከሳጥን ሲወጡ ወደ 55 ተጠግተው ነበር።

ለመለካት የመረቡን ከረጢት በመዘውር ሽቅብ መስቀል፣ ፍርግርጉ ያለበት ክፍል ሳይጨማደድ ቀጥ ብሎ እስኪንጠለጠል መጠበቅ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መረቡ ሲሰቀል የውሃው መንገድ ከላይ ወደ ታች ሆኗል፤ ስለዚህ ማዕዘኑ የሚለካው ከቱንቢው እንጂ ከውሃ ልክ አይደለም። የስልክ መለኪያ ዘንጉ ላይ ሲያስቀምጡ የሚያሳየው ከአግድም ያለውን ነው፤ ያንን ከ90 መቀነስ ያስፈልጋል። ስልኩ 38 ካለ ትክክለኛው 52 ነው። ስልኩ 32 ሲል «ዝቅ ብሏል፣ በሕጉ ውስጥ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው 58 ዲግሪ ይዞ ወደ ባሕር ይወጣል።

ለማስተካከል፣ መውጫው ከሥር ሲሆን የፍርግርጉ አናት ወደ ፊት፣ እግሩ ወደ ኋላ ነው። አናቱን ከታሰረበት ፈትቶ አንድ ሁለት የመረብ ዓይን ወደ ፊት መውሰድ ማዕዘኑን ይቀንሳል፤ ወደ ኋላ መውሰድ ይጨምራል። ሲሰፋ እያንዳንዱ ዓይን በተገመደ የናይለን ሲባጎ ከክፈፉ ጋር ይታሰር። ዓይን እየዘለሉ ማሰር ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን በተዘለለው ቦታ ክፍተት ይፈጠርና ሽሪምፑ በዙሪያው ይሾልካል። አንዴ ማስተካከልም አይበቃም። አዲስ የናይለን መረብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ዓይኑም ይለጠጣል፤ ላይኛውና ታችኛው ጎን ደግሞ እኩል አይለጠጡም። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ፣ እንዲሁም መረቡ ከባሕር ወለል ነገር ጋር ተጣብቆ በኃይል ከተላቀቀ በኋላ ወዲያው መለካት ያስፈልጋል።

መጋረጃው ቶሎ የሚያልቀው ክፍል ነው፤ በስምንት ወር ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ለጥልቅ ባሕር በሚፈቀደው ባለ ሁለት መጋረጃ ዓይነት ለመውጫው የሚቆረጠው ቀዳዳ ቢያንስ 142 በ51 ሴንቲሜትር ነው። እያንዳንዱ መጋረጃ ወርዱ ከ147 አያንስም፣ ሁለቱ የሚደራረቡት ከ38 አይበልጥም፣ ከፍርግርጉ ጫፍ ወደ ኋላ የሚያልፉት ደግሞ እስከ 61 ብቻ ነው። ይህ ስፋት የተወሰነው ሌዘርባክ የሚባለው ትልቁ ኤሊ እንዲያልፍ ነው፤ ጥንት ይሠራበት የነበረው ጠባብ መውጫ ትንንሾቹን ብቻ ያስወጣ ነበር። ሽሪምፕ ሲያንስ ብዙ ሰው የሚፈተነው መጋረጃው ላይ ሰንሰለት ለመጨመር ወይም በክር ለመስፋት ነው። ሁለቱም ሕገ ወጥ ናቸው፤ ተቆጣጣሪው ጀልባ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየውም ይህንኑ ነው። ደግሞም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋረጃው መላላት ሳይሆን በሥሩ ከተሰካ እንጨት ወይም ከሣር ጉንጉን ነው።

አራት መረብ መጎተት እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ እርስ በርስ ይመሰክራሉና። አንዱ ከረጢት ሁለት ጉተታ ተከታትሎ ካነሰ በዚህ ቅደም ተከተል ይታይ፦ መጀመሪያ መጋረጃው ውስጥ የተሰካ ነገር፤ ቀጥሎ መረቡ ዞሮ መውጫው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሆኖ እንደሆነ፤ ከዚያ ተንሳፋፊዎቹ፤ በመጨረሻ ማዕዘኑ። ብዙ ሰው ከማዕዘኑ ይጀምርና ግማሽ ቀን ያባክናል።

ተንሳፋፊዎቹ ከሥር ለሚከፈት ፍርግርግ ግዴታ ናቸው፣ በላይኛው ግማሽ ላይ ይታሰራሉ። እነሱ ከሌሉ ብረቱ ከወለሉ ይጋጫል፣ መጋረጃው አሸዋ ላይ ይጎተታል፣ እየተፋቀ ያልቃል፣ ክፍት ሆኖም ይቀራል። ስፖንጅ መሰሎቹ በጥልቅ ውሃ ተጨምቀው ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሻላል። በግራና በቀኝ እኩል ካልታሰሩ መረቡን የሚያዞሩትም እነሱው ናቸው።

ብረቱ ራሱ ጠንካራ ነው። ቅሬታው ሁለት ነው። የመረቡ በር (አፉን የሚከፍተው ከባድ ሳንቃ) ወይም የጀልባው ጠርዝ ላይ ሲመታ ዘንጉ ይጎብጣል፤ ልክ 10.2 ሴንቲሜትር የሆነ የእንጨት ቁራጭ ይዞ በየክፍተቱ መሞከር ከሜትር ይፈጥናል፣ ተላልቶ ካለፈ ክፍተቱ ሰፍቷል። ሁለተኛው፣ የብረት ማያያዣ አሉሚኒየሙን በነካበት ቦታ ጨዋማው ውሃ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። መሐሉ ላይ ገመድ ወይም ፕላስቲክ ማድረግ ይበቃል፤ ያለዚያ ብየዳው መጀመሪያ ይሄዳል።

ውጤቱስ? አንድ አዲስ ንድፍ በአሜሪካ እንዲፈቀድ ከሚገቡት ኤሊዎች 97 በመቶውን ማስወጣት አለበት። ይህ በፍሎሪዳ ፓናማ ሲቲ አጠገብ ጠላቂዎች ትንንሽ ኤሊዎችን መረቡ ውስጥ እየለቀቁ ይፈተናል። ከሙከራ ውጭ፣ በሥራ ላይ ላለ መርከብ የተሻለው ማስረጃ ከሰሜን አውስትራሊያ የሽሪምፕ አስጋሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በተደረገው ጥናት ፍርግርጉ የኤሊውን ቁጥር በ99 በመቶ፣ ትልልቅ ሬይ የሚባሉትን ጠፍጣፋ ዓሦች በ94፣ ትልልቅ ሻርኮችን በ86 በመቶ ቀንሷል። የሽሪምፑ መጠን በ6 በመቶ ቢያንስም የተጨፈለቀውና የተበላሸው በ41 በመቶ ወርዷል። ሻጭ ስለ 6 በመቶው ሲያወራ 41ዱን አይረሳም፣ ጠላት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሁለቱንም መያዝ ነው የሚሻለው። በዚህ ጀልባም የታየው ይኸው ነው፦ ከረጢቱ ውስጥ ትልቅ ሬይና ስፖንጅ ሲጠፋ ሽሪምፑ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ የመልቀሚያው ጊዜም ያጥራል።

የማይሠራው ነገር በግልጽ ይታወቅ። በ10 ሴንቲሜትር ክፍተት የሚያልፍ ትንሽ ዓሣ ሁሉ ከሽሪምፑ ጋር ከረጢት ይገባል። ለዚህ ሌላ ዕቃ አለ፣ «ፊሽ አይ» የሚባለው፤ ከረጢቱ አናት ላይ የሚሰፋ ክፍት የብረት ቀለበት ሲሆን መዋኘት የሚችለው ዓሣ በሱ ይወጣል። በባሕረ ሰላጤው የዓሣ ማስወጫ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ነው፣ ሬድ ስናፐር የተባለውን ዓሣ ጫጩቶች ለማትረፍ። የባሕሩን ወለል መታረስ ግን ሁለቱም አያስቀሩትም። ለናሙና የሚጎተተው ትንሽ መረብም፣ የላይኛው ገመዱ ከ3.66 ሜትር ካልበለጠ፣ ፍርግርግ አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ እሱን ቶሎ ቶሎ ማውጣት የአስጋሪው ኃላፊነት ነው።

ለአዲስ ገዢ ስለ ሕጉ ሁለት ነገር። እ.ኤ.አ. በ1989 የባሕረ ሰላጤው አስጋሪዎች ቴድን የሚያስገድደውን ደንብ በመቃወም የወደብ መግቢያዎችን በጀልባ ዘግተው ነበር። ሉዊዚያናም የራሷ ተቆጣጣሪዎች ደንቡን እንዳያስከብሩ የሚከለክል ሕግ ከ1987 ጀምሮ ይዛ፣ የሻረችው በ2015 ነው። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል፤ ከነሐሴ 2021 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወዲህ 40 ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑ ስኪመር የሚባሉት፣ መረባቸውን በጎንና በጎን ባለ ክፈፍ ዘርግተው የሚያሰግሩት ጀልባዎችም ይገደዳሉ፣ ለእነሱ ክፍተቱ 3 ኢንች ነው። ወደ አሜሪካ የዱር ሽሪምፕ የሚልክ አገርም በ1989 በወጣው ሕግ መሠረት ተመጣጣኝ ጥበቃ እንዳለው መረጋገጥ አለበት፤ ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ይህንን በዓለም ንግድ ድርጅት ተከራክረውበታል።

ከላይ የሚከፈተው ይሻላል ወይስ ከሥር? ወለሉ ንጹሕ አሸዋ ከሆነ ከላይ የሚከፈተው ሽሪምፕ ይይዛል፣ ተንሳፋፊም ያን ያህል አያስጨንቅም። ድንጋይ፣ ስፖንጅና ግንድ ያለበት ቦታ ከሥር የሚከፈተው ቆሻሻውን በራሱ ክብደት ይጥላል። በቴክሳስ ዳርቻ ለሚሠራ ምርጫው ሁለተኛው ነው።

ወደ ባሕር ሲወጣ በመለዋወጫ ሳጥን ውስጥ ይኑሩ፦ አንድ ሙሉ የተሰፋ ፍርግርግ ከነመረቡ፣ ሁለት ጥንድ መጋረጃ ዓይኑ ከ41 ሚሊሜትር ያልበለጠ፣ አራት ተንሳፋፊ፣ ሲባጎ፣ የእንጨቱ መለኪያና ቱንቢ። ጥልቅ ጥገናውን፣ ማለትም ብየዳውንና መረቡን ሙሉ በሙሉ መለወጡን፣ ቴክሳስ ባሕሯን ለሽሪምፕ ከምትዘጋበት ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ አጋማሽ ማድረግ ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ የመረብ ሠሪዎቹ ተራ ስለሚረዝም ቀጠሮው በኤፕሪል ይያዝ።