አዳማ ላይ ማኪያቶ፣ ከማያኮቭስካያ ጣሪያ ሥር

የካፌዋን ስም አልጽፍም፤ ባለቤቱ «ሰው ከበዛብኝ ወሬ የማወራበት ጊዜ አጣለሁ» ብለው አስምለውኛል። ከፖስታ ቤት ወረድ ብላ ናት። ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ካያችሁ ሌላ ምልክት አያስፈልጋችሁም።

ማኪያቶዋ 70 ብር ነው፣ ጥሩ ነው። ኬኩን እለፉት፤ ከሌላ ቤት የሚመጣ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል።

ሰው እዚህ የሚመላለሰው ግን ለጣሪያው ነው። ጋሼ (ሁሉም እንዲህ ነው የሚላቸው) በደርግ ጊዜ ሞስኮ ምህንድስና የተማሩ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የቤታቸውን ፊት ለፊት ካፌ አደረጉና በተማሪነታቸው ይመላለሱበት የነበረውን ማያኮቭስካያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ለማስመሰል ተነሡ። የጂብሰም ባለሙያ አምጥተው ጣሪያውን በሞላላ ጉልላቶች አስጎደጎዱት፣ በየጠርዙ አምፖል ደበቁ፣ መሐሉ ላይ የጣቢያውን ሞዛይኮች ፎቶ በስቲከር አሳትመው ለጠፉ። ስቲከሩ ጫፍ ጫፉ መላጥ ጀምሯል።

የዋናው ሞዛይክ ሠዓሊ አሌክሳንደር ዴይኔካ ነው። 34 ሥዕሎች ናቸው፣ የሁሉም ጉዳይ አንድ፦ የሶቪየት ሰማይ በአንድ ቀን ውስጥ። ከንጋት ይጀምራል፣ በቀትር አልፎ ይመሻል፣ መልሶ ይነጋል። አውሮፕላን አለ፣ ፓራሹት አለ፣ በበረዶ ሸርታቴ አየር ላይ የተወረወረ ስፖርተኛ አለ። ከጎን ሆናችሁ አታዩዋቸውም፤ ጉልላቱ ጥልቅ ስለሆነ ልክ ከሥሩ ቆሞ አንገትን ማቅናት ግድ ነው። ጋሼ «33 ሜትር ከመሬት በታች ላለ ሰው ሰማይ ማሳየት ነው የፈለጉት» ይላሉ። አሥር ፎቅ ቤት ቁልቁል ቆፍራችሁ ብትቀብሩ ማለት ነው።

እኔን ከሥዕሉ ይልቅ የያዘኝ የምሰሶው ነገር ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ጥልቀት የተሠሩት የሞስኮ ጣቢያዎች የአፈሩን ክብደት የሚሸከሙት ወፋፍራም በሆኑ የግንብ ምሰሶዎች ነበር፤ ሰው መድረኩ ላይ ቆሞ መሐል አዳራሹን በደንብ አያይም። አርክቴክቱ አሌክሲ ዱሽኪን ሸክሙን ለብረት ሰጠና ቀጫጭን ምሰሶ አቆመ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። ምሰሶውንና ቅስቱን ባለ ሽንትር የማይዝግ ብረት አለበሰው፣ ከታች በኩል ሮዶናይት የሚባል ቀላ ያለ ድንጋይ ገባበት። በ1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ የዓለም ትርኢት የጣቢያው ሞዴል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል።

ተማሪዎቹ ታዲያ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። የባቡሩ ዋጋ 5 ኮፔክ ነበር፤ ሳንቲሟን በብረቱ ሽንትር ውስጥ አስገብተው በኃይል ሲገፏት ቅስቱን ተከትላ ወጥታ በማዶው ምሰሶ ትወርዳለች። ጋሼም ምሰሶዎቻቸውን በላሜራ አልብሰዋል፤ በአንድ ብር ሳንቲም ሞከርኩት። ላሜራው ጣሪያው ጋ ሲደርስ መገጣጠሚያ አለው፣ ሳንቲሙ እዚያ ተንጋጭቶ ማኪያቶ የያዘች አስተናጋጅ እግር ሥር ወደቀ። «የእኛ በያጅ ነው» አሉ ጋሼ፣ ትንሽ ተናደው።

ጣቢያው የተከፈተበትን ቀን ሲነግሩኝ አላመንኳቸውም ነበር፤ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት፣ ልክ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ የእኛ እንቁጣጣሽ። ያኔ እዚህ ጣሊያን ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት ደግሞ የጣሊያንን ይዞታ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጀርመን ሞስኮ ደጃፍ ሲደርስ ጣቢያው የቦምብ መሸሸጊያ ሆነ። ጥቅምት 27 ቀን 1934 ዓ.ም. የአብዮቱ በዓል ስብሰባ እዚያው ተደርጎ ስታሊን ንግግር አደረገ። በአንደኛው ሐዲድ የቆመው ባቡር ካፖርት ማስቀመጫና ቡፌ ሆኖ ዋለ። ግድግዳው ላይ የዚህ ስብሰባ ፎቶ አለ፣ ከገንዘብ ተቀባይዋ በስተጀርባ። ሞዛይኮቹን በሌኒንግራድ ወርክሾፑ የገጣጠመው ቭላዲሚር ፍሮሎቭ ግን ጦርነቱን አልተሻገረም፤ ከተማው በተከበበ ጊዜ ሞተ። የእሱ ፎቶ እዚህ የለም። ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ወቀሳው። ጉልላት ለማውጣት ሲባል ጣሪያው ዝቅ ብሏል፣ የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ከላይ ቬንትሌተር መስቀል ስላልተቻለ ሁለት የቁም ቬንትሌተሮች ጥግ ላይ ይጮኻሉ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባትሄዱ ይሻላል። መታጠቢያው ውኃ አንዳንዴ የለውም፤ በርሜልና ጆግ ግን አይጠፋም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ራሳቸው የሚሠሩት ቦርሽ አለ፣ የቀይ ሥር ሾርባ ነው። በጾም ሥጋውን አውጥተው ባቄላ ይጨምሩበታል፤ እኔ የጾሙን እመርጣለሁ። ሰባት ሰዓት ካለፈ አታገኙትም። ስትገቡ ከበሩ ሦስተኛው ጉልላት ሥር ተቀመጡ፤ ፓራሹቱ ያለው እሱ ነው፣ የቬንትሌተሩም ነፋስ እዚያ ይደርሳል።