ቱሉ ዲምቱ ያለው ወፍጮ ቤት፦ ሚዛኑ፣ ድንጋዩና የጨርቁ ቱቦ

የአዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲታጠፉ ሦስት ወፍጮ የተተከለበት ቤት አለ። አንዱ ጤፍ ብቻ ይፈጫል። ሁለተኛው የስንዴ፣ የበቆሎና የገብስ ነው፤ ሦስተኛው የበርበሬና የሽሮ። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል። ሥዕል የሰቀለ ወፍጮ ቤት ሞልቷል፤ የዚህን ቤት እምነት ማየት የፈለገ ግን ዱቄቱ የሚወርድበትን የጨርቅ ቱቦ ይመልከት።

እህሉ ተፈጭቶ ሲያልቅ በድንጋዩ ዙሪያና በቱቦው እጥፋት ውስጥ ዱቄት ይቀራል። ፈጪው ሳያራግፍ ጆንያውን ካነሳ ያ ዱቄት ወይ ለቀጣዩ ሰው ይገባል፣ ወይ ማታ ተጠርጎ የባለወፍጮው ይሆናል። ከአንድ ሰው የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ማንም አይከራከርበትም፤ ሌብነቱ የሚመቸውም ለዚሁ ነው። እዚህ ፈጪው ወፍጮውን ባዶውን ትንሽ ያዞረዋል፣ መክደኛውን በእንጨት መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ቱቦውን ከላይ ወደ ታች በእጁ እየጨመቀ ሦስት ጊዜ ያራግፋል። ባለእህሏ አጠገቡ ብትቆምም፣ ጆንያዋን ትታ ገበያ ብትሄድም ያው ነው።

ሚዛኑ ዲጂታል ነው፤ የቁጥሩ ፊት ወደ አስፈጪው ዞሯል። ከመመዘኑ በፊት ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት የእናንተ ድርሻ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 በከረጢት ትልቅና ትንሽ ሚዛን መያዝን ይከለክላል፤ የዛሬው ትንሽ ሚዛን ዜሮው ላይ ሳይመለስ የሚጀምር ቁጥር ነው። በዚህ ቤት እህሉ ሲገባም ዱቄቱ ሲወጣም ይመዘናል፤ ሁለቱም ቁጥር በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይጻፋል። ከ50 ኪሎ ጤፍ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢጎድል ብናኝ ነው። ሁለት ኪሎ ከጎደለ ጠይቁ።

ድንጋዩ ሲደነዝዝ ይወቀራል፤ ማለትም ፊቱ እየተመታ እንደገና ሻካራ ይደረጋል። ድንጋዩ ደንዝዞ ሳይወቀር ከቆየ ፈጪው ለማላም ሲል ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ዱቄቱ ይግላል፣ ሊጡ ጥሩ አይቦካም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ጆንያው ውስጥ እጃችሁን ስትከቱ ለብ ካለ ደህና ነው፤ የሚፋጅ ከሆነ ፈጪው ድንጋዩን እንዲያላላ ንገሩት። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይህ ቤት ከወቀራ በኋላ 10 ኪሎ ያህል ፉርሽካ በራሱ ወጪ ይፈጭና ለምግብ ሳያደርግ ለከብት ያወጣዋል። ብዙ ቦታ ይህን አሸዋ የሚበላው የዕለቱ የመጀመሪያ ወረፋተኛ ነው።

ያልደረቀ ስንዴ ካመጣችሁ አይቀበሉም፤ አትቀየሙ። እርጥብ እህል ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ከናንተ በኋላ የሚመጣውንም ሰው ዱቄት ያበላሻል። በርበሬም እንዲሁ በጣት ሲጨበጥ ተሰብሮ ካልተንኮሻኮሸ ገና ነው፤ ፀሐይ ላይ መልሱት። ጤፉን ነፍታችሁ ጠጠሩን ለቅማችሁ አምጡ፣ እዚያ የሚነፋ ሰው የለም።

ረቡዕና ዓርብ ጠዋት አቅመ ደካሞች እስከ 10 ኪሎ በነጻ ያስፈጫሉ። ለብቻ ወረፋ የላቸውም፤ እንደማንኛውም ሰው ይመዘንላቸዋል፣ ያችው ወረቀት ትሰጣቸዋለች። «እማማ፣ ተረከቡ» ይባላሉ እንጂ የከፈለና ያልከፈለ በዓይን አይለይም። ኦሪት ዘዳግም 24፥6 ወፍጮ ለመያዣ አይወሰድ ይላል፣ የሰው ሕይወት ነውና። ይህ ቤት ያ ቃል የገባው ይመስላል።

የሚጎድለው ግን አለ፤ እንዲታረም ስለምንፈልግ እንጽፈዋለን። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ በዱቄት ብናኝ መሀል ቆመው አፍንጫቸውን በሻርፕ ብቻ ይሸፍናሉ። የዱቄት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ጥሩ ማስክ ይገባቸዋል፣ ከጣሪያው ሥርም አየር ማስወጫ ያስፈልጋል። የበርበሬው ወፍጮ ቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ፣ መከለያ የለውም። ነጠላ የለበሰች እናት በአጠገቡ ታልፋለች፤ የነጠላው ጫፍ በቺንጋው ከተያዘ የሚመጣው አደጋ ነው። ለደንበኛው ዱቄት እንዲህ የሚጠነቀቅ ቤት ይህን በአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ሊጨርሰው ይችላል።

ጄኔሬተር የላቸውም። መብራት ሲጠፋ ድንጋዩ እህል እንደያዘ ይቆማል፤ ሲመለስ በዚያው ከተነሳ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩን አላልተው፣ የያዘውን አውጥተው፣ እንደገና ይጀምራሉ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሡ።

ከዐቢይ ጾም በፊት ባሉት ሳምንታት የሽሮ ወረፋ ከበር ይወጣል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቀለል ይላል። እሑድ ዝግ ነው። ዱቄቱን ወዲያው አትቋጥሩት፤ ቤት አድርሳችሁ አፉን ከፍታችሁ እስኪበርድ አቆዩት፤ በትኩሱ ፕላስቲክ ውስጥ ከታሰረ ያልበዋል፣ ይሻግታል።