ለስትራታ ናሙና ጃክናይፍ፦ አር፣ ስታታ ወይስ ሳስ?

ደሴ ላይ የማስተርስ ጥናት የሚሠሩ ልጆች ቶሎ ቶሎ ይጠይቁኛል፤ "የቱን ሶፍትዌር ልግዛ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ዳታውን አያለሁ። ጃክናይፍ ማለት ከናሙናው በየዙሩ አንድ ክፍል እያወጡ እንደገና በማስላት ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለኩበት ዘዴ ነው።

እንዲህ እናስበው። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብላችሁ ሦስት ስትራታ (ምድብ) ከፈላችሁ፤ ለየስትራታው አንድ ወረዳ ይዛችሁ ከለጋምቦ፣ ከተሁለደሬና ከቃሉ አራት አራት ቀበሌ በዕጣ አወጣችሁ። ጃክናይፍ 12 ዙር ይሄዳል። በየዙሩ አንድ ቀበሌ ከነቤተሰቦቹ ይወጣና በዚያው ስትራታ የቀሩት ሦስቱ ክብደታቸው (አንድ ቤተሰብ የሚወክለው የቤተሰብ ብዛት) በ4/3 ይባዛል። የወጣው የለጋምቦ ቀበሌ ከሆነ፣ የቀረ የለጋምቦ ቤተሰብ ክብደቱ 60 ከነበረ 80 ይሆናል። የተሁለደሬና የቃሉ አይነካም። የሚወጣው ቀበሌ ነው፣ ቤተሰብ አይደለም! ቤተሰብ እያወጣችሁ ከሠራችሁ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ ያለ አግባብ ያንሳል፤ የአንድ ቀበሌ ሰው ዝናቡም ገበያውም አንድ ነዋ።

አር ነጻ ነው። ቶማስ ላምሊ የጻፈውን "ሰርቬይ" የተባለ ፓኬጅ አንዴ ካወረዳችሁ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፣ ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ከጃክናይፍ ዓይነቶቹ ጄኬኤን (JKn) የሚለውን ምረጡ፤ ጄኬ1 (JK1) ስትራታ ለሌለው ናሙና ነው። በጣም የምወድለት ግን የ12ቱን ዙር ውጤት አስቀምጦ ስለሚሰጣችሁ ነው። እንደ ኩንታል በሄክታር ያለ ሬሾ (አንዱ ለሌላው ተካፍሎ የሚገኝ ውጤት) ትንሽ ባያስ፣ ማለትም ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ስህተት አለው፤ በየስትራታው ከዙሮቹ አማካይ የሙሉ ናሙናውን ውጤት ቀንሳችሁ በ3 አባዙና ደምሩት፣ የባያሱ ግምት ያ ነው። ክፋቱ ሁሉም ነገር በትእዛዝ ስለሚጻፍ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል።

ስታታ ይከፈልበታል፣ ያውም በዶላር። የተማሪ ፈቃዱ ይቀንሳል። ዲዛይኑን አንዴ ከነገራችሁት ሌላው አጭር ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ገዝቶት ከሆነ አትልፉ፣ በሱ ሥሩ። አንድ ስትራታ ውስጥ አንድ ቀበሌ ብቻ ከቀረ (መንገድ ተዘግቶ ሦስቱ ሳይደረስባቸው ቀርተው ሊሆን ይችላል) በስታንዳርድ ኤረሩ ቦታ ነጥብ (.) ያስቀምጣል፣ ውጤት የለም ማለቱ ነው። አር ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር ይቆማል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ከአንድ ቀበሌ ልዩነት አይለካም። ተቀራራቢውን ስትራታ አዋህዱ።

ሳስ ውድ ነው። ለተማሪ በነጻ የሚሰጠው በኢንተርኔት የሚሠራው ነው፣ መስመሩ በተቆራረጠ ቁጥር ትቸገራላችሁ።

ሌላው ሶፍትዌር ኤስፒኤስኤስ (SPSS) ለእንዲህ ያለ ናሙና ያለው ክፍል፣ ኮምፕሌክስ ሳምፕልስ፣ ጃክናይፍ የለውም፤ የሚጠቀመው ቴይለርን፣ ማለትም ዙር ሳይደጋግም ስታንዳርድ ኤረሩን በቀመር አቃርቦ የሚያሰላውን ዘዴ ነው። ለአማካይና ለመቶኛ ቴይለር ምንም አይልም። የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ (እ.ኤ.አ.) ራሱ ለነዚህ ቴይለርን ተጠቅሞ፣ ጃክናይፍን ለወሊድና ለሞት ምጣኔዎች ነው ያዋለው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ዳታ አርና ሳስ ትንሽ የተለያየ ስታንዳርድ ኤረር ቢሰጡ አማካሪያችሁ ተሳስታችኋል እንዳይላችሁ። ሳስ የየዙሩን ውጤት ልዩነት የሚለካው ከሙሉ ናሙናው ውጤት ነው፤ አርና ስታታ ካልታዘዙ በስተቀር ከዙሮቹ አማካይ ይለካሉ። ኤምኤስኢ (mse) የሚለውን አማራጭ ስትከፍቱ እነሱም እንደ ሳስ ይለካሉ።

ለጥናት ከኪሱ ለሚከፍል ሰው የኔ ምርጫ አር ነው። ሚዲያን (በመጠን ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘውን ቁጥር) የምትፈልጉ ከሆነ ግን ጃክናይፍን ተዉት፣ አይታመንም። እዚያው የአር ፓኬጅ ውስጥ ቡትስትራፕ፣ ማለትም ከናሙናው በዕጣ ደጋግሞ እያወጣ የሚያሰላ ዘዴ አለ።