በአዳማ ፓራውልቱን ሳይፈታ ዋጋ የማይናገር ጋራዥ

በአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች አንዱ፣ ቀላል ግጭት የደረሰባትን የቶዮታ ያሪስ መኪናዬን የፊት ክፍል ጠግኖ ካስረከበኝ ሰንበትበት ብሏል። ግምገማውን ወዲያው ያልጻፍኩት የፊት ጥገና ጥሩነት መኪናው ከጋራዥ በወጣበት ቀን ስለማይታወቅ ነው፤ ቀለሙ ፀሐይ ሲመታው፣ ራዲያተሩ ረጅም ዳገት ሲገጥመው፣ የፊት መብራቱም በሌሊት ጉዞ ሲፈተን ነው እውነቱ የሚወጣው። ሥራውን በአጠቃላይ ወድጄዋለሁ። ያልወደድኩትንም ስለምጽፍ የጋራዡን ስም አልጠቅስም።

የደረሰው ጉዳት ለዓይን ቀላል ነበር። መኪናዋ በቆመችበት አንድ ፒክአፕ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከኋላው የተገጠመው የተጎታች መሳቢያ ብረት ከፓራውልቷ መሃል ትንሽ ወደ ግራ ባለው በኩል ገባ። ፓራውልቱ ተሰነጠቀ፣ የግራው የፊት መብራት የሚታሰርበት ጆሮ ተሰበረ፣ የኮፈኑም ጫፍ በጥቂቱ ተነሣ። ፒክአፑ ወደፊት ሲንቀሳቀስ ፕላስቲኩ ተስፈንጥሮ ወደ ቦታው በመመለሱ ከሩቅ ላየው ሰው ስንጥቁን በይዶ ቀለም መቀባት ብቻ የሚበቃ ይመስል ነበር። ቀደም ብዬ ዋጋ የጠየቅኋቸው ጋራዦች ያሰቡትም ይህንኑ ነው። መኪናዋን ቆመው አይተው፣ አንዳንዶቹም እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ፣ የብየዳ፣ የስቱኮና የቀለም ዋጋ ደምረው ነገሩኝ።

የዚህ ጋራዥ የላሜራ ኃላፊ ግን ዋጋ ስጠይቀው፣ «ፓራውልቱን ሳልፈታው የምነግርዎት ዋጋ ግምት ነው፤ ኋላ ጨምሩ እያልኩ ከማስቸግርዎት አሁኑኑ ልፍታውና አብረን እንየው» አለኝ። ለመፍቻው ገንዘብ አልጠየቀም። ለጋራዡ ከምሰጠው ምስጋና ትልቁ ድርሻ ለዚህች አሠራር ነው፤ ምክንያቱም በዛሬ መኪኖች ላይ ከውጭ የምናየው ፓራውልት ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ስስ ሽፋን እንጂ ግጭትን የሚቋቋም አካል አይደለም። ከሽፋኑ ጀርባ ጫና የሚውጥ ፎም፣ ከፎሙ ጀርባ ከሻንሲው ሁለት ጫፎች ጋር በብሎን የታሰረ አግዳሚ ብረት፣ ከዚያም የኤሲው ኮንደንሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) እና ራዲያተሩ በተርታ ይገኛሉ። ሰፊ ነገር ሲገጨው ጉልበቱ በአግዳሚው ብረት ላይ ይከፋፈላል፤ እንደ ተጎታች መሳቢያ ያለ ጠባብ ብረት ሲገባ ግን ጫናው ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። ፕላስቲኩ ይለጠጥና ይመለሳል፤ ብረቱ አይመለስም።

ሲፈታ የተገኘውም ይኸው ነበር። ፎሙ በተመታበት ቦታ ተፈርክሷል፣ አግዳሚው ብረት ወደ ውስጥ ጎብጧል፣ ራዲያተሩ የሚቀመጥበት ክፈፍም የታችኛው ጎኑ ተጣምሞ ኮንደንሰሩን ወደ ራዲያተሩ አስጠግቶታል። ኃላፊው እያንዳንዱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ የሚቀየረውን፣ የሚቃናውንና ሳይነካ የሚተወውን ለይቶ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር፤ ሆኖም የሌሎቹ ዋጋ ለሌላ ሥራ የተሰጠ ዋጋ መሆኑ በዚያ ወረቀት ላይ በግልጽ ይታይ ነበር።

ስለ ፎሙ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። በርካታ ቦታ የተፈረከሰ ፎም ተነሥቶ ይጣላል፣ በምትኩም ምንም አይገባም፤ ፓራውልቱ ሲገጠም ስለማይታይ ማንም አይጠይቅም። ባለቤቱ የሚያውቀው በቀጣዩ ግጭት፣ ያውም በእግር እርምጃ ያህል ፍጥነት በደረሰ ግጭት፣ ራዲያተሩ ሲፈስ ነው። ይህ ጋራዥ ፎሙን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ግን ያልተነካ አስመጥቶ ተካልኝ። አግዳሚውንም ብረት በእሳት አሙቆ ከማቃናት ይልቅ መቀየርን መረጠ፤ እንዲህ ያለው ክፍል በአብዛኛው ከፍተኛ ጥንካሬ ካለው ብረት ስለሚሠራ በችቦ ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል። ክፈፉን ግን በቀዝቃዛው ስቦ አቃናው፣ ቀዳዳዎቹንም ከሻንሲው ልኬት ጋር አስተያየ። ኮፈኑ ሲዘጋ በግራና በቀኝ ፓራፋንጎ በኩል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑ ልኬቱ በትክክል መወሰዱን ይመሰክራል፤ እኔም ርክክብ ላይ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

ማቀዝቀዣው በአዳማ ከሌላው ቦታ የበለጠ ትኩረት ይሻል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የሞተር መደበኛ የሥራ ሙቀትም በዚያው አካባቢ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ከግጭት በኋላ የምትቀር የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ፣ ጥቂት ጠብታ ከማፍሰሷ ባለፈ ግፊቱን ትጥልና ሞተሩን ታስፈላለች። ጋራዡ ራዲያተሩን በአየር ግፊት ፈትሾ ደህና መሆኑን አሳየኝ፣ የኮንደንሰሩንም የተጣጠፉ ክንፎች በማበጠሪያ አቀናቸው። የኤሲውን መስመር መክፈት ስላላስፈለገው ጋዝ ልሙላ አላለኝም፤ የማያስፈልግ ሥራ ፈጥሮ ማስከፈል ቀላል በሆነበት ቦታ ይህን አለማድረጉን አስተውያለሁ። ያፈሰሰውን ፈሳሽ የተካው ግን በቧንቧ ውሃ ነበር። ማዕድን ያለበት ውሃ ራዲያተሩን ውስጥ ለውስጥ እንደሚያዝግና እንደሚደፍን እየታወቀ ይህ መደረጉ አላስደሰተኝም፤ ስነግራቸው አፍስሰው በኩላንት ተኩት፣ ሒሳቡ ግን በእኔ ላይ ተጨመረ።

የመለዋወጫ ጉዳይ ረዘም ያለ ወሬ አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አሮጌ ያሪስም ብትሆን ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል፤ ዕቃውም የሚገዛው በየጊዜው በሚቀያየር ዋጋ ነው። የጥገናውን ዋጋ እዚህ የማልጽፈው ለዚህ ነው፤ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር አንባቢው ጋ ሲደርስ ላይሠራ ይችላል። ጋራዡ ለእያንዳንዱ ዕቃ ኦርጅናል፣ ኮፒና ያገለገለ ብሎ ሦስቱንም ምርጫ ከነዋጋው ማቅረቡ ጥሩ ነው። ለፓራውልት ሽፋን ኮፒ መግዛት አይጎዳም፤ ክሊፖቹ በትክክል ከገቡ በቂ ነው። እዚህ ላይ የጋራዡ ሰዎች የተሰበሩትን ክሊፖች በሙሉ ቀይረዋል፤ በየመንገዱ እንደምናየው ፓራውልቱን ከላይ በብሎን ወግተው ወይም በሽቦ ሰፍተው አላሰሩትም።

የፊት መብራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ረገድ ጋራዡ አልተጠነቀቀም። መጀመሪያ ያመጡልኝ ያገለገለ መብራት ከጃፓን ገበያ መኪና የወለቀ የቪትዝ መብራት ነበር። ቅርጹ ከያሪሷ ጋር አንድ ነው፤ ያለችግር ይገጠማል፣ ይበራልም። ጃፓን በመንገዱ ግራ የሚነዳባት አገር በመሆኗ ግን የአጭር መብራቱ ብርሃን ከፍ የሚለው ወደ ግራ ነው። በቀኝ በምንነዳበት በእኛ አገር ያ ብርሃን ከፊት ለፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል፤ የመንገዱ ቀኝ ዳር፣ እግረኛና ጋሪ ያለበት ጎን ደግሞ ጨለማ ይሆናል። ምንም ያህል ወደ ታች ቢስተካከል ይህ አይታረምም፤ ልዩነቱ በመብራቱ አሠራር ውስጥ ነው። መብራቱን ግድግዳ ላይ አብርቼ የብርሃኑ ጫፍ በየትኛው በኩል እንደሚያሻቅብ ሳሳያቸው ያለ ክርክር ተቀበሉና ለቀኝ መንገድ የተሠራ ኮፒ አመጡልኝ። ያገለገለ የፊት መብራት የሚገዛ ሁሉ ይህን ሳያይ ገንዘብ ባይከፍል እመክራለሁ።

አቅጣጫውንም ያስተካከሉት በዓይን ግምት ነበር። መኪናው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ሲቆም የአጭር መብራቱ ብርሃን ጫፍ ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህን ለመለካት ሜትርና ጠመኔ ይበቃል። በፈጣኑ መንገድ ተቃራኒ መኪኖች ተለያይተው ስለሚሄዱ ስህተቱ ላይሰማ ይችላል፤ ከባድ ተሽከርካሪ በሚበዛበት በአሮጌው የሞጆ መንገድ ግን ከፊት የሚመጡት ሁሉ መብራት እያብለጨለጩ ይነግሩዎታል። እኔ ዘንድ የጋራዡ ደካማ ጎን ይህ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ፍርዴ የተቀላቀለ ነው። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ባልደረቀ ቀለም ላይ ያሳርፈዋል። ቀለም የሚረጭበትና በ60 ዲግሪ ገደማ የሚደርቅበት የተዘጋ ኦቨን ጋራዡ የለውም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በሸራ በተጋረደ ክፍል፣ ወለሉን በውሃ አርሰው፣ ነፋሱ ሳይነሣ ማለዳ ላይ ይቀባሉ። ዘዴው ብልህ ነው፤ ኦቨንን ግን አይተካም። በኮፈኑ ጫፍ ላይ ጥቂት የአቧራ ቅንጣቶች ከላይኛው ቫርኒሽ ሥር ቀርተው ነበር፤ ሳመለክት በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው አወለወሉት፣ አሁን የሚያውቀው ካልሆነ አይታይም።

የመኪናዋ ቀለም ብርማ ነው፤ ፋብሪካው በለጠፈባት መለያ ላይ የቀለሙ ኮድ 1ኤፍ7 ተብሎ ተጽፏል። ጋራዡ ቀለሙን በዓይን ከመቀላቀል ይልቅ ኮዱን አንብቦ ማስቀመሙ ተገቢ ነው። ይሁንና ብርማ ቀለም ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለው የርጭቱ ግፊትና ርቀት ጥቂት ሲለወጥ መልኩ ይለወጣል፤ ፀሐይ ላይ የቆየ ቀለም ደግሞ ከኮዱ ይርቃል። ሰዎቹ አዲሱን ቀለም በግራው ፓራፋንጎ ላይ እያሳሱ አዋህደውታል፤ እዚያ ልዩነት አላየሁም። ፓራውልቱ ግን ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ከጎኑ ሲታይ ጥቂት ጠቆር ይላል። በፕላስቲኩ ላይ ለፕላስቲክ የሚሆነውን ፕራይመር አስቀድመው መቀባታቸውን ስላየሁ ግን ቀለሙ ይላላጣል ብዬ አልሰጋም። ኮፈኑ ላይ የተጠቀሙት ስቱኮም ስስ ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በተጠገነው ቦታ ሁሉ ይይዛል። ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመከራል፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ካገኙ ከሥሩ ያለው ብረት ሳይቃና በስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው።

የፒክአፑ ባለቤት ጥፋቱን ሳያንገራግር ስለተቀበለና የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ስለተነሣ ወጪው በእሱ የሦስተኛ ወገን መድን በኩል ተስተናግዷል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ይህ መድን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ወገን እንጂ የመድን ገቢውን የራሱን መኪና አይደለም፤ የራሳቸውን መኪና ለማስጠገን የሚያስቡ ሙሉ ሽፋን መግዛት አለባቸው። እዚህም ቢሆን አስቀድሞ የመፍታቱ ጥቅም ታይቷል። የመድን ገማቹ ከውጭ አይቶ ያጸደቀው ዝርዝር አግዳሚውን ብረትና ፎሙን አልያዘም ነበር፤ ጋራዡ ፎቶዎቹን ከፕሮፎርማው ጋር አያይዞ በማቅረቡ ተጨማሪው ሥራ ሳይጀመር ተፈቀደ። ከተጠገነ በኋላ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያንገላታ የደረሰበት ያውቀዋል። ደረሰኙም የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ለይቶ የሚያሳይ ሕጋዊ ደረሰኝ ነው።

በቀጠሮ አክባሪነት ግን አላመሰግናቸውም። መኪናዋ ከተባለው ቀን ዘግይታ ነው የወጣችው፤ የመብራት መቋረጥና የዕቃ መዘግየት እንደነበረ ይገባኛል፤ ደውሎ ማሳወቅ ግን የእነሱ ድርሻ ነበር። የሥራ ዋስትናም በቃል እንጂ በጽሑፍ አይሰጡም። ርክክብ ላይ ቁልፉን ሳዞር የኤርባጉ ምልክት በርቶ መጥፋቱን አብረን አይተናል፤ ከፊት የግጭት ሴንሰር ስላለ ይህን ሳያዩ መኪና መረከብ አይገባም።

ለአሮጌ ቶዮታና ሱዙኪ፣ የጉዳቱም መጠን ከራዲያተሩ ክፈፍ ላላለፈ ግጭት፣ ጋራዡን ሳላመነታ እመርጠዋለሁ። ሻንሲው የታጠፈበት ሰው የመሳቢያና የልኬት ማሽን ያለው ቦታ ይፈልግ። የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው የመጡ አንድ ደንበኛን ኃላፊው፣ «ከፊት ያሉትን ሴንሰሮች መልሰን የምናስተካክልበት መሣሪያ የለንም» ብሎ ሲመልሳቸው ሰምቻለሁ።