ሊትየም፦ ጨው፣ ውሃና ቡና የሚያዙበት ክኒን

ለባይፖላር ሕመም (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ለሚግልበት፣ አንዴ ለሚወድቅበት) የሚታዘዘው የሊትየም ካርቦኔት 300 ሚሊግራም ክኒን ሥራውን ያውቃል። የተጋጋለውን ስሜት ያበርዳል፣ ከረጋም በኋላ እንዳያገረሽ ይጠብቃል። ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስ ደግሞ ከስሜት ማረጋጊያዎች ሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ለዚህ ሕመም መዋሉ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ስንት አዲስ መድኃኒት መጣ፤ ከቦታው ያነሳው ግን የለም። አስቸጋሪነቱ የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ጎረቤት መሆናቸው ላይ ነው። በደም ውስጥ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ይጀምራል። ስለዚህ ይህን ክኒን ከወሳጁ ምግብ፣ መጠጥና ጾም ነጥሎ መገምገም አይቻልም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ውጤቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል፤ እስከዚያ ሐኪሙ እንቅልፍ የሚያመጣና ግለቱን የሚያበርድ እንደ ኦላንዛፒን ያለ መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል። «አልሠራልኝም» ተብሎ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝናል። ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ማለትና ማቅለሽለሽ ይኖራል። ከራት በኋላ ሲወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀላል።

የእጅ መንቀጥቀጡን ሲኒ ያሳያል። ጢም ያለ ሲኒ ሲነሳ ቡናው ላዩ ብቻ እርግብግብ ካለ የተለመደው ነው፤ ለሐኪም ይነገራል እንጂ አያስደነግጥም። ሲኒው ተንገጫግጮ ቡናው ረከቦቱ ላይ ከፈሰሰ፣ በዚያ ላይ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የምላስ መተሳሰር ወይም እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ከመጣ ግን ቀጣዩ ክኒን አይዋጥም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ኩላሊት ሊትየምን እንደ ጨው ነው የሚያየው። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ጨውን ይዞ ያስቀራል፤ ሊትየሙም አብሮ ይቀራል። በደሴ ብርድ የተስተካከለ መጠን ባቲ ወይም ቆቦ ወርደው ቀኑን ሙሉ ሲያልባቸው ሊበዛ የሚችለው ለዚህ ነው። ጨውን «ለደም ግፊት» ብሎ በድንገት ማቆምም እንደዚሁ ያደርጋል። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ከሐኪም ጋር ቀድሞ መማከር ያስፈልጋል፤ የሚወሰድበት ሰዓት ከአፍጥር በኋላ ሊዛወር፣ ደሙም በጾሙ መሃል ሊለካ ይችላል። ጠበል ቦታ የሚሰነብት ሰውም ክኒኑን ቤት ጥሎ አይሂድ፤ ብዙ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ደግሞ ለጤና ባለሙያ ቶሎ ይንገር።

ቡናን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ካፌይን ሊትየምን በሽንት ያስወጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳያስቀር የሚጠጣ ሰው መጠኑ የተስተካከለለት ከነቡናው ነው። አንድ ቀን ቡናውን ቢተው የደሙ ሊትየም ከፍ ይላል። ክልከላ የለም፤ የሚያስፈልገው የዕለቱ ልክ ሳይዋዥቅ መቆየቱ ነው። ጫት ግን ሌላ ነው። ጫት በሚቃምበት ዱዓ ላይ ተገኝቶ ቡናውን መካፈል ይቻላል፤ ጫቱ ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ግለቱን ይቀሰቅሳል። ይህን ክኒኑ አይመልሰውም።

ምርመራው ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ደም የሚሰጠው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ልክ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፦ ማታ 2 ሰዓት የወሰደ ጠዋት 2 ሰዓት ይሰጣል፣ ጠዋት የሚዋጥ ካለም ከደሙ በኋላ ይሆናል። ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይሞላ መለካት ትርጉም የለውም። ደሙ ሊትየም ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚጨመር፣ ራሱ ሊትየም ያለው ነገር) ባለበት ቱቦ ከተቀዳ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ቱቦውን መጠየቅ ነውር አይደለም። ኩላሊትና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) በየ6 ወሩ ይታያሉ።

ወገብ ሲያም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ሁለቱም ሊትየምን በደም ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። የግፊት ክኒኖቹ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞልም ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ ፋርማሲ ሲገቡ የመጀመሪያው ቃል «ሊትየም እወስዳለሁ» ይሁን። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀድማ ትማከር።

ድክመቱን አንደብቅም፦ ለጭንቀት ይህ ክኒን ብቻውን አይበቃም። ጭንቀቱን ብለው ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ከስሜት ማረጋጊያ ጋር ሳያጣምሩ ብቻውን ቢወስዱ ግለቱን ሊያስነሳ ይችላል፤ ዳያዜፓም ደግሞ ከጥቂት ሳምንት ካለፈ ሱስ ያስይዛል።

አንድ ቀን ከተረሳ በማግስቱ ደርቦ መውሰድ የለም። ለማቆምም ከሐኪም ጋር ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ቢቻል 3 ወር ወስዶ እየቀነሱ ነው፤ በድንገት ሲቆም ግለቱ ብሶ ይመለሳል። በየፋርማሲው የሚገኝ መድኃኒት አይደለምና 10 ቀን የሚበቃ ሲቀር መፈለግ ይጀመር።