ኩንግስሌደን፦ ከአቢስኮ እስከ ኒካሉኦክታ በጎጆ እያደሩ

በስዊድን ሰሜን ጫፍ ያለው ይህ የእግር ጉዞ መንገድ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የስዊድን ቱሪስት ማኅበር ጎጆዎች የአንድ ቀን መንገድ እየተራራቁ ስለተሠሩ፣ ድንኳን ሳይሸከሙ በሰባት ቀን ይጨርሱታል።

ጎጆው ሆቴል እንዳይመስልዎ። መብራት የለም፣ ቧንቧም የለም። ውሃ በባልዲ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ጠዋት እጣቢውን ደፍቶ ወለሉን ጠርጎ የሚወጣው እንግዳው ራሱ ነው። ፍራሽ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ የጋዝ ምድጃና ድስት አለ፤ አንሶላ ግን ከቤት ይያዙ። አሌስያውሬ በተባለው ጎጆ ያለው የእንጨት ሳውና ብቻውን ድካሙን ይክሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስንቅ ነው። ከጎጆዎቹ አቢስኮያውሬ፣ አሌስያውሬና ሴልካ ሱቅ አላቸው፤ ቼክቻና ሲንጊ የላቸውም። ስለዚህ የቼክቻን እራትና ቁርስ አሌስያውሬ፣ የሲንጊን ደግሞ ሴልካ ላይ ይግዙ። ዋጋው ከከተማው ይወደዳል። በሶ የለመደ ሰው እዚህ ተጠቃሚ ነው፦ አይከብድም፣ እሳትም አይፈልግም።

ከባዱ ቦታ የቼክቻ ማለፊያ ነው፤ ከፍታው 1,150 ሜትር ገደማ። በጁላይ መጀመሪያ በረዶው ገና አልቀለጠም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያላላው እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል፣ ከሥሩም ጅረት ሊኖር ይችላል። በጠዋት ይሻገሩት፣ ምርኩዝም አይለይዎ። የደቡቡ ቁልቁለት ቀጥ ያለ ነው።

ስልክ በአብዛኛው መንገድ ስለማይሠራ አልጋውን አስቀድመው ይያዙ፣ የወረቀት ካርታም ይያዙ። በመጨረሻው ቀን 19 ኪሎ ሜትር ጉልበት ከከዳዎ፣ የላድትዮያውሬ ሐይቅ ጀልባ ስድስቱን ያህል ይቀንስልዎታል።